ከገደሉ በታች ያለፈው ሄሊኮፕተር

ሥራዬ ራጅ ማንሳት ነው። ጎንደር ውስጥ በአንድ ሆስፒታል፣ መስኮት በሌለው ክፍል፣ የሰው አጥንት ሳነሳ እውላለሁ። ቅዳሜ ሲደርስ ግን የወታደር አውሮፕላን ፎቶ አነሳለሁ። ይህን ለሰው ስናገር ሁለት ዓይነት መልስ ነው የማገኘው። አንዱ ይስቃል። ሌላው ዞር ዞር ብሎ ዙሪያውን ያይና ድምፁን ይቀንሳል። ሁለተኛው ይሻለኛል፤ ቢያንስ ነገሩ ገብቶታል።

ለምን እንደምወደው እኔም በደንብ አላውቅም። የመንገደኛ አውሮፕላን አይማርከኝም፤ ሰዓቱን ጠብቆ ይመጣል፣ ሰዓቱን ጠብቆ ይሄዳል። የወታደሩ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም፣ ዝቅ ብሎ ይበራል፣ ሲዞር ሆዱን ያሳያል። ድምፁን ስሰማ ልቤ ድው ድው ይላል። አርባን ካለፍኩ ወዲህ እንዲህ የሚያደርገኝ ሌላ ነገር የለም። ባለቤቴ ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ያስተምራል፤ "ሰው ወፍ ያነሳል፣ አበባ ያነሳል፤ አንቺ የሚያሳስረውን መርጠሽ ታነሻለሽ" ይለኛል። እውነቱን ነው፤ ግን ወፍ አልወድም።

ስለዚህ ለራሴ ሕግ አወጣሁ። አውሮፕላን ማረፊያው አካባቢ ካሜራዬ ከቦርሳ አይወጣም። መሬት ላይ የቆመ ነገር አላነሳም። ያነሳሁትን ኢንተርኔት ላይ አልለጥፍም። ይህን ሕግ ያስተማረኝ አንድ ወታደር ነው። ገና ጀማሪ ሳለሁ መንገድ ዳር ቆሜ ወደ ሰማይ ሳነጣጥር ደረሰብኝ፤ ካሜራዬን ተቀበለኝና በውስጡ ያለውን ሁሉ አንድ በአንድ አጠፋው። ከአውሮፕላኑ ጋር የእህቴ ልጅ የክርስትና ፎቶም አብሮ ሄደ። "እህቴ፣ ሙሽራ አንሺ" ብሎ ካሜራውን መለሰልኝ። ንዴቴ እስከ ዛሬ አልበረደልኝም፤ የእህቴም እንዲሁ።

ከወታደሩ ይልቅ ያስቸገረኝ ግን ከታች ሆኖ ማንሳት ነው። ከታች የተነሳ አውሮፕላን ሁሉ አንድ ነው፤ ነጭ ሰማይ ላይ የተለጠፈ ጥቁር ነገር። ሄሊኮፕተር ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ካሜራው በጣም ሲፈጥን ከላይ የሚሽከረከረው ክንፍ ደርቆ ይቀራል፤ ማሽኑ በክር የተንጠለጠለ አሻንጉሊት ይመስላል። ካሜራውን ሲያዘገዩት ክንፉ ያምራል፤ ነገር ግን እጅ ትንሽ ከተንቀጠቀጠ ሁሉም ይደበዝዛል። ባለሦስት እግር ማቆሚያ ተሸክሜ የምዞረው ለዚህ ነው። መቶ አንስቼ አንድ ካገኘሁ ያ ወር ጥሩ ወር ነው። ወራት ሙሉ ምንም የማላገኝበት ጊዜም አለ።

መፍትሔውን ያገኘሁት ኮሶዬ ነው። በደባርቅ መንገድ ሚኒባስ ይዘው ወርደው፣ ከአስፋልቱ ጥቂት ገባ ሲሉ መሬቱ በድንገት ያልቃል። ገደል ነው። ከሥር ቆላው ተዘርግቷል፤ አልፎ አልፎ በዚያ በኩል የሚያልፍ ሄሊኮፕተር ገደሉን ተጠግቶ፣ ከአፋፉ ዝቅ ብሎ ይበራል። ከአፋፉ ላይ የቆመ ሰው የሄሊኮፕተሩን ጀርባ ያያል፤ የተቀባውን ቀለም፣ የተነቃቀለውን ቦታ ሳይቀር። ይህን ያወቅሁ ቀን ሌላ ቦታ መሄድ አቆምኩ።

እዚያ በሄድኩ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቅዳሜ፣ ማቆሚያዬን ተክዬ ቆላውን ስቃኝ፣ አንዲት ጠና ያሉ ሴት ከገደሉ ሥር በቀጭን መንገድ እያለከለኩ ወጡ። ሰላምታም ሳይሰጡኝ፣

"ልትለኪ ነው የመጣሽው?" አሉኝ።

በዚያ አገር ባለሦስት እግር ነገር ተክሎ በመነጽር ወደ እርሻ የሚያይ ሰው የመሬት ልኬታ ሠራተኛ እንጂ ሌላ ሊሆን አይችልም። አይደለሁም አልኩ።

"እንግዲያ ምን ትሠሪያለሽ?"

"አውሮፕላን እየጠበቅሁ ነው እማማ።"

ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። "ይመጣል ብለውሻል?" ሲሉኝ ሳቄ አመለጠኝ፤ እሳቸውም ሳቁ። ያን ቀን ያመኑኝ አይመስለኝም። በሳምንቱ የተቀቀለ ድንች በሳህን ይዘውልኝ መጡ፤ ምናልባት ልትለካ የመጣች ብትሆንስ ብለው ይሆናል። ከዚያ በኋላ ግን ልኬታውን ረሱት፤ ድንቹ ቀጠለ። እኔም ከከተማ ስኳርና የራስ ምታት ኪኒን እወስድላቸው ጀመር።

ባላቸው ሞተዋል፤ ልጆቻቸው አግብተው ርቀዋል። መሬታቸው ከገደሉ አፋፍ ትንሽ ወረድ ብሎ፣ እንደ መደርደሪያ ወጣ ባለ ሜዳ ላይ ነው። ሜዳው ለሁለት የተከፈለ ነበር፤ ላይኛው የእሳቸው፣ ታችኛው የባላቸው የወንድም ልጅ። በመሃል የእሬት ረድፍ ነበረ። እሬቱን ባላቸው እንደተከሉት ይነግሩኝ ነበር፤ እኔም ከልቤ ሳልሆን እሰማ ነበር። ጆሮዬ ሁልጊዜ ቆላው ላይ ነው።

አንድ የኅዳር ቅዳሜ ረፋድ ላይ ድምፅ ሰማሁ። እዚያ ገደል ላይ ድምፅ ያታልላል፤ ከቋጥኙ ተመልሶ ከጀርባ የመጣ ይመስላል። ወደ ኋላ ልዞር ስል ሄሊኮፕተሩ በግራ በኩል ከአፋፉ ሥር ብቅ አለ። እንዲያ ቀርቦ አይቼ አላውቅም። አሥራ አንድ ጊዜ አነሳሁ። አሥሩ አልረቡም። አንዱ ግን፣ ያንን የመሰለ ፎቶ በሕይወቴ አንስቼ አላውቅም። ሄሊኮፕተሩ ከነጀርባው፣ ቀለሙ እርጥብ አፈርና ቅጠል፣ ክንፉ እንደ ስስ ሻሽ ክብ ሠርቶ፤ ከሥሩ ደግሞ ያ ሜዳ፣ ገብሱ ደርሶ ቢጫ ሆኖ፣ ግማሹ ታጭዶ፣ ሁሉም ጥርት ብሎ። ብቻዬን ጮክ ብዬ ሳቅሁ። ዕቃዬን ሰብስቤ ወዲያው ወደ ከተማ ተመለስኩ፤ በኮምፒውተር እስካየው ቸኩዬ ነበርና ሴትዮዋን ሰላም ሳልል ሄድኩ።

ሰው ያንን ድምፅ ሲሰማ ልጁን እየጠራ ቤት እንደሚገባ አውቃለሁ። ሆስፒታላችን ውስጥም ድምፁ ሲመጣ ተራ የሚጠብቀው ሰው ወሬውን ያቋርጣል። ይህን አውቄ፣ ከካሜራዬ ለይቼ ሌላ ቦታ አስቀምጬው ነበር። እንዴት እንደቻልኩ አትጠይቁኝ፤ ራጅ የሚያነሳ ሰው አጥንቱን እያየ ሰውየውን ላለማየት ይለምዳል።

በሁለተኛው ዓመት ክረምት ሴትዮዋ ታመው ሁለት ወር ጸበል ገቡ። ሲመለሱ እሬቱ የለም። የወንድም ልጅየው ነቅሎ፣ ሜዳውን አንድ አድርጎ አርሶ፣ ከላይኛው መሬት ከግማሽ በላይ ዘርቶበት ጠበቃቸው። ድንበሩ ይህ ነው ብሎ ያሳያቸው ድንጋይ ከቤታቸው ደጃፍ የድንጋይ ውርወራ ያህል ነው። የመሬት ደብተራቸውን አወጡ። ደብተሩ በሰሜን እገሌ በደቡብ እገሌ ያዋስናቸዋል ይላል እንጂ መስመሩ በየት እንደሚያልፍ አይናገርም። መስመሩን የሚያውቁ ጎረቤቶች ሞተዋል፤ በሕይወት ያሉትም የወንድም ልጅየው ዘመዶች ስለሆኑ አፋቸውን ያዙ።

ያን ቅዳሜ ድንች አልያዙም። ድንጋይ ላይ ተቀመጡና፣

"ያንን ያህል ዘመን ከዚህ ላይ ሆነሽ ስታነሺ ኖረሻል" አሉኝ። "መሬቴ የለችበትም ወይ? እቺን ከወሰደብኝ በምን እኖራለሁ?"

አለች፣ አልኳቸው። ከአፌ ካመለጠኝ በኋላ ነው የደነገጥኩት።

ቤት ገብቼ ያለኝን ፎቶ ሁሉ ፈተሽኩ። ሌሎቹ ላይ መሬቱ ደብዝዟል፤ ሌንሱ የሚያጠራው የሚበረውን ብቻ ነው። ሜዳው ከነእሬቱ ጥርት ብሎ የወጣበት ያ አንዱ ብቻ ነበር። ነገሩ እሑድ በሽማግሌ ሊታይ ተቀጥሯል፤ ከሽማግሌዎቹ ጋር ደግሞ የቀበሌ ሰው እንደሚቀመጥ ሰምቻለሁ። ባለቤቴ ፎቶውን አየና፣ "ሄሊኮፕተሩን ቆርጠሽ አውጪው፤ እነሱ የሚፈልጉት ከታች ያለውን ነው" አለኝ። ሒሳብ አስተማሪ ነው፤ ሁሉም ነገር ሲቀነስ ይቀልለዋል። እኔም ደስ ብሎኝ ተስማማሁ። የላይኛውን ቆርጬ የቀረውን አሳተምኩ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ተሰበሰብን። ሦስት ሽማግሌዎች ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ የቀበሌው ሰው ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘርግቷል፤ ሴትዮዋ ወዲህ፣ የወንድም ልጅየው ወዲያ ቆመዋል። ካህኑ መስቀሉን ይዘው አማሉኝ፤ ያየሁትን ሳልጨምር ሳልቀንስ እንድናገር። ፎቶውን ሰጠሁ። ሁሉም አያ የሚሏቸው ትልቁ ሽማግሌ ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ፣ አራቁ፣ ጠርዙን በአውራ ጣታቸው ዳበሱ።

"ልጄ፣ ይቺ ምነው እንዲህ ቀጠነች? እላይዋ ላይ ምን ነበር?"

"ሰማይ ነው አባቴ።"

ወረቀቱን ገልብጠው ጀርባውን አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ "ኮሶዬ አፋፍ ላይ ቆሞ ቁልቁል እርሻ ያየ ሰው ሰማይ ከወዴት ያገኛል?" አሉኝ።

ፊቴ ጋለ። እዚያ ተወልደው ሰማንያ ዓመት ገደማ ከዚያ አፋፍ ቁልቁል ሲያዩ የኖሩ ሰው ናቸው። የወንድም ልጅየው "ይኸው! የከተማ ሰው ወረቀት ቆርጦ ቀጥሎ ነው የሚያመጣው!" ብሎ ጮኸ። ሴትዮዋ አላዩኝም፤ መሬት መሬቱን አዩ። አያ ወረቀቱን መለሱልኝ። "መስቀል ይዘሽ ምለሻል። የተቆረጠ ምስክር አንቀበልም። በሚመጣው እሑድ ሙሉውን ይዘሽ ከመጣሽ እንሰማለን፤ ካልመጣሽ በድንጋዩ ይጸናል" አሉ።

ያ ሳምንት ረጅም ነበር። ባለቤቴ በቀጥታ አትሂጂ አላለኝም፤ ልብሱን ማጠፍ ጀመረ፣ ሲጨንቀው እንዲያ ያደርጋል። እኔ ፈራሁ። ለካሜራዬ እፈራለሁ፣ ለሥራዬ እፈራለሁ፣ ለልጆቼ እፈራለሁ። ባልሄድ ደግሞ ሴትዮዋ በእኔ የተነሳ ከነበሩበት የባሰ ቦታ ላይ ናቸው፤ ውሸታም ምስክር ያመጡ ተብለዋል። ቅዳሜ ዕለት ተናድጄ ወሰንኩ። አብዛኛውን ጥሩ ነገሬን የምሠራው ተናድጄ ነው።

እሑድ ኮምፒውተሬን ታቅፌ ሄድኩ። ማሳተም አልደፈርኩም። ከቤተ ክርስቲያኑ ቆርቆሮ ጥላ ሥር አስቀምጬ ከፈትኩትና ሙሉው ፎቶ ወጣ። የቀበሌው ሰው አንገቱን አስግጎ አየ፤ እስክሪብቶው ቆመ። እኔም ዓይን ዓይኑን አላየሁትም። አያ ግን ሄሊኮፕተሩን ዝንብ ያረፈበት ያህል እንኳ ቦታ አልሰጡትም፤ በጣታቸው መሬቱን እያመለከቱ፣ "እቺን አቅርቢልኝ" አሉ። አቀረብኩ። እሬቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይታያል። ሴትዮዋ "ይኸው!" አሉ።

የወንድም ልጅየው አልተሸነፈም። "እሬቱ መች ካደኩ? እሬቱ የበቀለው መሃል መሬቴ ላይ ነው፤ ድንበር ነው ያለው ማነው? ከእሬቱ በላይም የኔ ነው፣ ከእሬቱ በታችም የኔ ነው።"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ይህን የሚመልስ ፎቶ የለኝም ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ።

"እኚህ ምንድን ናቸው?" አሉ አያ።

ከእሬቱ ወዲህና ወዲያ ሁለት ነገሮች ይታያሉ። ፎቶውን መቶ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ሁልጊዜ የታጨደ ገብስ ነዶ ናቸው ብዬ ነው ያለፍኳቸው። "ነዶ ነው" አልኩ። "አቅርቢው" አሉኝ። አቀረብኩት። ነዶ አልነበረም። ሁለት ሰዎች በግንባራቸው ተደፍተው ተኝተዋል። አንዱ ራሱን በሁለት እጁ ይዟል፤ ሌላዋ ነጠላዋን ራሷ ላይ ጥላለች።

 ከዚያ ከቆሙት አንዱ፣ "ሰማያዊ ሹራብ! ይሄ አንተ አይደለህም እንዴ?" አለው የወንድም ልጅየውን። ሰው ሳቀ። "ጀግናው! አፍንጫህ መሬት ገብቷል እኮ!" አሉት። እሱም አፍሮ እየሳቀ "አንተ ብትሆን ጉድጓድ ትምስ ነበር! በላያችን ላይ ሲመጣብን!" አለ። አያ አብረው ሳቁ። ሳቁ ሳይበርድ በለሰለሰ ድምፅ ጠየቁት።

"ያኔ ምን ትሠራ ነበር?"

"ገብሴን ሳጭድ ነዋ።"

"እሷስ?"

"እሷም የሷን ስታጭድ..." አለና ቆመ።

 እሱ በኮምፒውተሩ ላይ እያየ ነበር፤ ሴትዮዋ የተኙት ከእሬቱ በላይ ነው፣ እሱ ከእሬቱ በታች። አያ ደጋግመው አላፋጠጡትም። "ቃሉን ሰምታችኋል" ብለው ወደ ሁለቱ ሽማግሌዎች ዞሩ። እሬቱ በነበረበት ተመልሶ እንዲተከል፣ በሴትዮዋ መሬት ላይ የዘራውንም ለእሳቸው እንዲተው ፈረዱ። የቀበሌው ሰው ጻፈ። የወንድም ልጅየው ፈረመ፤ ጎንበስ ብሎ የሴትዮዋን ጉልበት ሳመ፤ እሳቸውም "ይቅር ይበልህ" አሉት። እንዲህ በቀላሉ ያልቃል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ከዚያ የቀበሌው ሰው ወደ እኔ መጣ። ወጣት ነው፤ ጨዋ ነው። "እህቴ፣ ይህ ፎቶ ሥራውን ጨርሷል" አለኝ። "አሁን እኔ ፊት አጥፊው። ሌላም ቦታ ካለሽ አጥፊው። ከዚህ በኋላ እዚህ አፋፍ ላይ ካሜራ ይዘሽ ባገኝሽ ዛሬ እንዳላየሁሽ መሆን አልችልም።" ሌላ ቦታ የለም አልኩት፤ እውነቴን ነበር። አጠፋሁት። ሁለት ዓመት ገደማ ከባለቤቴ በቀር ማንም ሳያየው ስኮራበት የኖርኩት ፎቶ ነው፤ መጥፋቱ ግን አላሳዘነኝም። ሁለቱን ሰዎች ካየሁ በኋላ ደግሜ ላየው አልፈለግሁም።

ሴትዮዋ እስከ አስፋልቱ ሸኙኝ። ክንዴን ይዘው እየመረቁኝ ነበር፤ ልጆቼን፣ ባሌን፣ እጄን። ሸጋ ልጅ፣ ሸጋ ልጅ ይሉኛል።  በመጨረሻ ሚኒባስ እየጠበቅን፣

"እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ" አልኳቸው። "ያን ቀን እላይ ሆኜ ሄሊኮፕተሩን አይቼዋለሁ። እርስዎን ግን አላየሁዎትም።"

"እኔ ግን አየሁሽ እቴ" አሉኝ። "ተደፍቼ በነጠላዬ ሥር ቀና ስል አፋፉ ላይ ቆመሻል። እሷስ ምነው አትተኛም፣ ምነው አትደበቅም፣ አልኩ። ያቺን ልጅ እመቤቴ ድንግል ማርያም እንድትጋርድልኝ ስለምን ነበር። የራሴን ነገርማ ረስቼው ነበር።"

ሚኒባሱ መጣ። አፍሬ ነበር፤ እንዲህ አፍሬ አላውቅም። ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል ከለከሉኝና፣ ሰው እየጠበቀ ነው ግቢ ብለው ገፉኝ።